ሳያነቡ ኮከብ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ

«መጽሐፉን አላነበብኩትም፣ ግን…» ብሎ የሚጀምር አስተያየት ሲገጥማችሁ «ግን» የምትለው ቃል ላይ ቁሙ። ከእሷ በኋላ የሚመጣው ነገር ስለ መጽሐፉ አይደለም። ስለ ተናጋሪው ነው፣ ስለ ጓደኞቹ ነው፣ ወይም ትናንት ማታ ስልኩ ላይ ስላየው የገጽ ፎቶ ነው። አባቶቻችን ይህን በአንድ መስመር ጨርሰውታል፦ ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ። በድሮ ዘመን ሳይገድል ጎፈሬውን አበጥሮ አደባባይ የወጣ ሰው መሳቂያ ነበር። ዛሬ ግን ኮከብ ሰጪ ሆኗል፣ ሃያሲ ሆኗል፣ አንዳንዴም ፈራጅ ሆኗል።

ለዛሬ ከዶላር፣ ከነዳጅና ከምርጫ ወጣ ብለን ስለ አንድ የወጣቶች ልቦለድና ስለ አንባቢዎቹ እናወራለን። «በዚህ ጊዜ ደግሞ የአስማት ተረት!» የምትሉ አትጠፉም። ታገሡኝ። የማወራው ድምፅ ስለ መግዛት፣ ኮሮጆ ስለ መሙላትና በሌላ ሰው ስም ስለ መፍረድ ነው። እነዚህን ነገሮች የዚህ ቻናል ተከታይ ከየት እንደሚያውቃቸው መንገር አይጠበቅብኝም።

1. የአንድ ቀን ንግሥት

ጊዜው ኦገስት 2017 ነው። (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ላኒ ሳረም የምትባል፣ ቀደም ሲል የሙዚቃ ባንዶች ማናጀር የነበረች አሜሪካዊት የመጀመሪያ ልቦለዷን አሳተመች። ርዕሱ «ሃንድቡክ ፎር ሞርታልስ» ነው፤ በግርድፉ «የሟቾች መመሪያ» እንበለው። ታሪኩ ዜድ የምትባል ወጣት ቴነሲ ውስጥ ካለች ትንሽ የትውልድ ከተማዋ ተነሥታ ላስ ቬጋስ ስትገባና አንድ ትልቅ የምትሃት ትርዒት ውስጥ ስትቀጠር የሚሆነውን ይተርካል። ተመልካቹ የእጅ ቅልጥፍና ይመስለዋል። የእሷ ግን የእውነት አስማት ነው።

እንዲህ ያለውን ድርሰት ፈረንጆቹ የከተማ ፋንታሲ ይሉታል። አስማቱ ጥንታዊ ቤተ መንግሥትና የዘንዶ ዋሻ ውስጥ አይደለም፤ አስፋልት ላይ፣ ፎቅ ላይ፣ የማስታወቂያ መብራት ሥር ነው። አንባቢዎቹ በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው። ገበያው ትልቅ ነው፤ ከመጽሐፍ ወደ ፊልም የሚወስደውም መንገድ አጭር ነው። ለሳረም መጽሐፍም የፊልም ዕቅድ ነበረ፤ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ራሷ ልትጫወት ታስቦ ነበር።

አሳታሚው ጊክኔሽን የተባለ የመዝናኛ ድረ ገጽ ገና አዲስ የከፈተው የኅትመት ክፍል ነው። መጽሐፉ ኦገስት 15 ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት የኒው ዮርክ ታይምስ የወጣቶች መጻሕፍት የሽያጭ ሰንጠረዥ ሲታይ አንደኛ ሆኖ ተገኘ። ከዙፋኑ ያወረደው የአንጂ ቶማስን «ዘ ሄት ዩ ጊቭ» ነበር። ይህ መጽሐፍ ጓደኛዋ ዓይኗ እያየ በፖሊስ ጥይት ስለተገደለባት የ16 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ልጅ የሚተርክ ሲሆን፣ ከፌብሩዋሪ 2017 ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሲነበብ የቆየ ነው።

ፊል ስታምፐር የተባለ የወጣቶች ልቦለድ ጸሐፊ ትዊተር ላይ ጥያቄ አነሣ። ይህን መጽሐፍ ማን አየው? አማዞን ላይ እንኳ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ስለ እሱ ያወራ አንባቢ የለም፤ ታዲያ እንዴት አንደኛ ሆነ? ጥያቄውን ተከትለው የመጽሐፍ መደብር ሠራተኞች መናገር ጀመሩ። አንድ ሰው ስልክ ይደውላል፤ አስቀድሞ «እናንተ ለኒው ዮርክ ታይምስ ሽያጭ ሪፖርት ታደርጋላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ሲባል ብዙ ኮፒ ያዝዛል። ታይምስ ሰንጠረዡን የሚሠራው ማንነታቸውን ይፋ ከማያደርጋቸው መደብሮች በሚሰበስበው ሪፖርት ነው። በጅምላ የተገዛ መጽሐፍ ሲጠረጠርም ከስሙ አጠገብ የጩቤ ቅርጽ ያለው ምልክት ያደርግበታል። እዚህ ላይ ግን ምልክቱም አልነበረም።

ቡክስካን የተባለው የሽያጭ ቆጣሪ 18,597 ኮፒ መዝግቦ ነበር። አንድ ቀን ሳይሞላ ታይምስ ሪፖርቶቹ ላይ አለመጣጣም አግኝቻለሁ ብሎ መጽሐፉን ከሰንጠረዡ አወጣው። አንጂ ቶማስ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ልብ በሉ፣ ይህን ያጋለጠው ፖሊስ አይደለም። ፍርድ ቤትም አይደለም። አንባቢዎችና መጽሐፍ ሻጮች ናቸው፣ ያውም በስልካቸው። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው «ትናንት እዚህ ትልቅ ሠርግ ነበር» ሲባል «ድንኳኑን ማን አየው?» ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ለዓመታት እያነበቡ፣ እየተዋዋሱ፣ እየተከራከሩ የገነቡት እውቀት ነበራቸው። የዚያ ሰፈር ነዋሪ ስለሆኑ የሌለውን ድንኳን ለዩ።

2. አንባቢን መፈብረክ

ደራሲዋ ጥፋት አልሠራሁም ብላ ተከራክራለች። ኮፒዎቹ በአድናቂዎች ጉባኤዎች ላይ ለመሸጥ የታዘዙ ናቸው አለች። ይሁንላት። በገዛ ገንዘቡ የፈለገውን ያህል መጽሐፍ የገዛ ሰው ወንጀለኛ አይባልም። ግን የሽያጭ ሰንጠረዥ ለምን እንደሚያስፈልግ እናስብ። 18,597 ሲባል አእምሯችን የሚያየው በካርቶን የታሸገ ወረቀት አይደለም፤ አውቶቡስ ላይ፣ አልጋ ላይ፣ ክፍል ውስጥ መምህር ሳያየው የሚያነብ 18,597 ሰው ነው። «ይህን ያህል ሰው ከወደደው እኔም ልሞክረው» ብለን ኪሳችን የምንገባው ለዚህ ነው። መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ካርቶን ግን አልወደደም፣ አልጠላም፣ አላለቀሰም። አላነበበማ!

ስለዚህ የአንባቢውን ፊርማ ማስመሰል የምለው ይህንን ነው። የጎደለው መጽሐፍ አይደለም፤ መጽሐፉ አለ። የተፈበረከው አንባቢው ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እንስማማለን። ገንዘብ ያለው ሰው ወረፋ ሲጥስ ማን ይወዳል? አሁን ወደማንስማማበት ልሂድ።

ቅሌቱ እንደተሰማ ሰዉ ወደ መጽሐፉ ገጽ ጎረፈ። አንድ ኮከብ፣ አንድ ኮከብ፣ አንድ ኮከብ። ከሰጪዎቹ መካከል መጽሐፉን እንዳላነበቡ፣ ሊያነቡትም እንደማይፈልጉ ራሳቸው የጻፉ ነበሩ። ለብዙዎች ይህ ፍትሕ ነበር። ለእኔ ግን የቀደመው ማጭበርበር ሁለተኛ ዙር ነው። ሳያነቡ አንድ ኮከብ የሰጡት ሰዎች ያደረጉት ነገር ኮፒዎቹን ከገዛው ሰው ሥራ በምን ይለያል? እሱ ያልነበረ አንባቢ ፈጥሮ «ወደደው» አለ። እነሱ ያልነበረ አንባቢ ፈጥረው «ጠላው» አሉ። እሱ ከፈለ፣ እነሱ አልከፈሉም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

«እሷ ጀመረች» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ልጆች ሲጣሉ የሚሰጡት መልስ ነው። ሌባ ቤትህን ሰብሮ ስለገባ አንተ የጎረቤትህን አጥር የመዝለል መብት አላገኘህም። ጎረቤቱ ደግሞ እዚህ ታሪክ ውስጥ ማን እንደሆነ ልብ በሉ፦ ነገሩን ያልሰማው፣ የመጽሐፉን ገጽ ከፍቶ «ይህ መጽሐፍ ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ምስኪን አንባቢ ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር። መልስ የሰጡት ግን ሌላ ጥያቄ የያዙ ሰዎች ናቸው።

3. ስድብም አድራሻ ይኑረው

በተቃራኒው አንዲት ሴት ልጥቀስ። ጄኒ ትራውት የተባለች ደራሲ ይህንኑ መጽሐፍ ይዛ ምዕራፍ በምዕራፍ እያነበበች፣ ያነበበችውንም በራሷ ገጽ ላይ እየተነተነች አብጠለጠለችው። ምሕረት አልነበራትም። ዓረፍተ ነገሩን፣ የገጸ ባሕርያቱን ጠባይ፣ የታሪኩን ፍሰት አንድ በአንድ አነሣች። ከእሷ ጋር መከራከር የሚፈልግ ሰው መጽሐፉን ገልጦ «እዚህ ጋ ተሳስተሻል» ሊላት ይችላል። ትችቷ ሁሉ አድራሻ አለው።

አድራሻ ያለው ስድብ ከአድራሻ የለሽ ምስጋና ይበልጥብኛል። አንድ ሰው ሦስት መቶ ገጽ መከራውን አይቶ አንብቦ «ይህ መጽሐፍ ቆሻሻ ነው» ቢል፣ ደራሲው ቢያዝንም አንባቢው ተጠቅሟል። የከፈለው ነገር አለ፤ ጊዜውን ከፍሏል። ሳያነብ «ድንቅ ነው!» የሚለው የደራሲው ጓደኛ ግን ደራሲውንም አይጠቅምም፣ እኛንም ያታልላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የምናገረው ስለ ጨዋነት አይደለም። «ለስለስ በሉ፣ ደራሲ አይከፋው» አላልኩም። ይክፋው። ይከፋኛል ያለ ደራሲ መሳቢያው ውስጥ ይጻፍ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ንባብ። በፍርድ ቤት ቋንቋ የዓይን ምስክር ሁን። «ሰዎች ሲሉ ሰምቼ» የሚል ምስክር ዳኛ ፊት ምን ያህል እንደሚቆም ሁላችንም እናውቃለን።

4. በሰፈሩት ቁና

የ«ሃንድቡክ» ታሪክ ለብቻው የቆመ አይደለም። ከከተማ ፋንታሲ ጎን ባለው የወጣቶች ፋንታሲ ሰፈር ይኸው በሽታ ከዚያ በፊትም ነበር፣ ከዚያም በኋላ ባሰበት።

በዚያው በ2017 የሎሪ ፎረስት «ዘ ብላክ ዊች» ወጣ። ዋናዋ ልጅ ዘረኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ያደገች ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው ጥላቻ ውሸት መሆኑን ቀስ በቀስ ትረዳለች። አንዲት ጦማሪ መጽሐፉ ራሱ ዘረኛ ነው የሚል እጅግ ረጅም ትችት ጻፈች። ጦማሪዋ አንብባለች፤ ብሳሳትም ብትሳሳትም የመናገር መብቷ ነው። ችግሩ የመጣው ከኋላዋ ነው። መጽሐፉ ገና ሳይወጣ ጉድሪድስ ላይ የአንድ ኮከብ ዘመቻ ተጀመረ። ጋዜጠኛዋ ካት ሮዘንፊልድ ቫልቸር ላይ በኦገስት 2017 እንደጻፈችው አማካይ ነጥቡ እስከ 1.71 ወረደ፤ አብዛኞቹ ነጥብ ሰጪዎች ደግሞ እንዳላነበቡት በራሳቸው አፍ የተናገሩ ነበሩ። አንድ ገጸ ባሕርይ የተናገረውን ክፉ ቃል ቆርጦ የደራሲዋ ቃል አድርጎ ማሰራጨት፣ ያቺን ቁራጭ ያየ ሁሉ ደግሞ መጽሐፉን ያየ መምሰል! የንጉሡን አማካሪ ክፉ ምክር ጠቅሶ የታሪክ ጸሐፊውን እንደ መስቀል ነው።

በጃንዋሪ 2019 ተራው የአሜሊ ዌን ዣው ሆነ። ፓሪስ ተወልዳ ቤጂንግ ያደገች፣ በኋላ ወደ አሜሪካ የሄደች ወጣት ደራሲ ናት። «ብለድ ኤር» የተባለው የመጀመሪያ መጽሐፏ ሊወጣ ወራት ሲቀሩት ባርነትን የያዘበት መንገድ የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ ያቃልላል ተብሎ ተወገዘ። እሷ የጻፍኩት በእስያ ስላለው የሰዎች ዝውውርና የግዳጅ ሥራ ነው አለች። የሰማት አልነበረም። ራሷ አሳታሚዋን «አታትሙት» ብላ ጠየቀች። መጽሐፉ በእጃቸው ያልገባ እጅግ ብዙ ሰዎች መጽሐፉ ላይ ፈርደው ነበር። በመጨረሻ እንደገና አይታና አስተካክላ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አወጣችው።

ከዚያ ያለው ነገር ልቦለድ ቢሆን «ይህስ በዛ» ያሰኝ ነበር። ዣውን ከተቹት መካከል ኮሶኮ ጃክሰን የተባለ ወጣት ደራሲ ነበረ። የእንጀራ ሥራው የእጅ ጽሑፎችን አስቀድሞ አንብቦ «ይህ አናዳጅ ነው፣ ይህ አድልዎ አለበት» ብሎ ለአሳታሚዎች መንገር ነው። ወሩ ገና ሞልቶ ሳያልፍ የእሱ የራሱ መጽሐፍ ላይ ተመሳሳይ ማዕበል ተነሣ። የኮሶቮን ጦርነት አያያዙ ተወገዘ። በፌብሩዋሪ 2019 መጨረሻ ገደማ እሱም መጽሐፉን አስቀረ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ግን በጃክሰን ላይ አልስቅም። ቁናውን የሠራው እሱ ብቻ አልነበረም።

የመጨረሻው ምሳሌ የዲሴምበር 2023 ነው። ኬት ኮሬን የተባለች ደራሲ የመጀመሪያ የፋንታሲ መጽሐፏን ልታወጣ ስትል ጉድሪድስ ላይ በሐሰት ስሞች አካውንቶች ከፍታ የራሷን መጽሐፍ አሞገሰች፤ እንደ እሷው የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ለሚያወጡ ሌሎች ደራስያን ደግሞ አንድ ኮከብ በተነች። ከተጠቂዎቹ ብዙዎቹ ነጮች ያልሆኑ ጸሐፊዎች ነበሩ። ሲነቃባት መጀመሪያ በሌላ ሰው ልታሳብብ ሞከረች፣ በኋላ አመነች፣ ይቅርታም ጠየቀች። አሳታሚዋ ውሉን ሰረዘ፣ ወኪሏም ተለያት።

አሁን ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። 2017 ላይ ገንዘብ ያልነበረ አንባቢ ፈጠረ። 2019 ላይ ቁጣ ያልነበረ አንባቢ ፈጠረ። 2023 ላይ ምቀኝነት ያልነበረ አንባቢ ፈጠረ። ሦስተኛዋ ብቻ ናት በሐሰት ስም የተያዘችው። ሌሎቹ ግን ያደረጉት በእውነተኛ ስማቸው መሆኑ ነገሩን እውነት አያደርገውም። በእውነተኛ ስምህ የሐሰት ምስክርነት ብትሰጥ ምስክርነቱ ሐሰት ነው።

ማሽኑም ተባባሪ ነው። ጉድሪድስ 2013 ላይ በአማዞን የተገዛ ትልቅ የአንባቢያን መድረክ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ግን ማንም ሰው ገና ላልታተመ መጽሐፍ ኮከብ እንዲሰጥ በሩን ከፍቶ ኖሯል። ከመታተሙ በፊት ለሃያስያን በሚላኩ ጥቂት ቅጂዎች የተነሣ በሩ ተከፈተ እንበል። ታዲያ ቅጂው ደርሶት አንብቦ የጻፈውንና ርዕሱን ሰምቶ የተቆጣውን ለምን እኩል ይቆጥራቸዋል? ምግቡ ሳይበስል «ጨው በዝቶበታል» የሚል እንግዳ የሚሰማበት ሆቴል የት አለ? ለመድረኩ ግን ጠቡም ንባቡም እኩል ጠቅታ ነው። ጠቅታ ደግሞ ገንዘብ ነው።

5. ለሚቃወሙኝ

ሁለት ጠንካራ ክርክሮች አሉ። ሁለቱንም ማክበር አለብኝ።

የመጀመሪያው፦ «እንቁላል መበስበሱን ለማወቅ ሙሉውን መብላት አለብኝ ወይ?» የለብህም። ደራሲው አጭበርባሪ ነው ብለህ ብታምን አትግዛው። ዘረኛ ነው ተብሎ ብትሰማ አታንብበው። ይህ መብትህ ነው፤ ጊዜህም ገንዘብህም የአንተ ነው። ጓደኞችህንም «አትግዙ» በላቸው። ግን ነገሩን በስሙ ጥራው። «የዚህችን ደራሲ ድርጊት ስለምቃወም አልገዛም» በል። ይህ ንጹሕ የፖለቲካ አቋም ነው፣ ቤተሰብም አለው፣ አድማ ይባላል። «አንድ ኮከብ» ግን ሌላ ዓረፍተ ነገር ነው። ትርጉሙ «አንብቤው አልወደድኩትም» ነው። ያላደረግከውን አደረግኩ አትበል። እንቁላሉን አሽትተህ ብትተወው ማንም አይወቅስህም፤ ሳታሸተው የጎረቤትህን ዶሮ ስም ማጥፋት ነው ነውሩ።

ሁለተኛው ክርክር ይከብዳል፦ «አቅም የሌለው ሕዝብ ያለው ጩኸት ብቻ ነው። አሳታሚዎቹ ሀብታሞች ናቸው፣ በሩን የያዙት እነሱ ናቸው። አንድ ሰው ብቻውን አንብቦ ቢተች ማን ይሰማዋል?» እውነት አለው። ለዘመናት ጥቁሩ፣ ሕንዱ፣ ቀዩ ሕዝብ በሰው መጽሐፍ ውስጥ አውሬና አገልጋይ ሆኖ ሲሳል ኖሯል፤ ዝም በሉ የሚል የለም። እኔም አልልም።

ግን የሠራውን ትችት እንመልከት። 2016 ላይ የኪራ ድሬክ «ዘ ኮንቲኔንት» ሊወጣ ሲል አስቀድሞ ቅጂው የደረሳቸው አንባቢዎች አንብበው ተቆጡ። የትኛው ሕዝብ በየትኛው ገጽ እንዴት እንደተሳለ አሳዩ። አሳታሚው መጽሐፉን አዘገየ፤ ደራሲዋ እንደገና ጻፈችው፤ በ2018 ተስተካክሎ ወጣ። መጽሐፉ ተስተካክሎ ዳነ ወይስ አልዳነም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ነገር ግን በሩን የያዘው ሀብታም የተንቀሳቀሰው ገጽ ስለተጠቀሰበት ነው። ገጽ የተጠቀሰበት ክስ መልስ ይፈልጋል። ጩኸት ብቻ የሆነ ክስ ግን ለአሳታሚው ምቹ ነው፤ «ያላነበቡ ሰዎች ዘመቻ ነው» ብሎ ይገላገላል። ከዚያ ወዲያ በእውነት አንብቦ በእውነት የተጎዳው ሰው ሲጮህም «አንተም ከእነሱ ነህ» ይባላል። ሳያነብ የጮኸው ሰው የሰረቀው የደራሲውን ስም ብቻ አይደለም፤ የተጎጂውን ድምፅ ነው።

ለዚህ ነው ነገሩ የሚያናድደኝ። ደካማው ያለው ብቸኛ ገንዘብ ታማኝነቱ ነው። ያንን ደግሞ ሌሎች በነጻ ይመነዝሩታል።

6. እኛስ?

«የፈረንጅ ልጆች ጠብ ምን አገባን?» አትበሉኝ። የዚህ ቻናል ተከታዮች የምትውሉት እኔ የምውልበት ቦታ ነው። የቻናል አባል በሺህ እየተቆጠረ እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ። ዕይታም ይሸጣል፣ ላይክም ይሸጣል። የላስ ቬጋሷ ደራሲ ስልክ ማስደወል ያስፈልጋት የነበረውን ያህል ድካም እንኳ የለውም።

መጽሐፍ ላይ ስንመጣም ያው ነን። አንድ አዲስ የአማርኛ መጽሐፍ ሲወጣ የሽፋኑ ፎቶ ይለጠፋል። ከሥሩ ገና መደብር ሳይደርስ «ዘመን ተሻጋሪ!» የሚል ወዳጅና «ይህ ሰውዬ የእነ እገሌ ነው፣ አትግዙት» የሚል ጠላት ይሰለፋል። የደራሲው ስም ይታያል፣ ከስሙ ብሔሩ ይገመታል፣ ከብሔሩ መጽሐፉ ይገመታል። አራት መቶ ገጽ የደከመበት ሥራ በአባቱ ስም ይመዘናል። አንድ አንቀጽ ፎቶ ተነሥቶ ይዞራል፤ ከፊቱ ያለው ገጽ አይታይም፣ ከኋላው ያለውም አይታይም። በማግሥቱ መጽሐፉን ያላነበቡ ደጋፊዎች መጽሐፉን ካላነበቡ ተቃዋሚዎች ጋር ለሦስት ቀን ይሰዳደባሉ። በአራተኛው ቀን ሌላ ርዕስ ይመጣል። መጽሐፉ ግን አሁንም አልተነበበም።

በነጻ ሥራ የምተዳደር ጋዜጠኛ ነኝ፤ የመጽሐፍ ዳሰሳ እየጻፍኩ ጥቂት ሳንቲም አገኛለሁ። አንድ ጊዜ አንድ አዘጋጅ «መጽሐፉን ማንበብ አይጠበቅብህም፣ መግቢያውንና የጀርባውን ጽሑፍ አይተህ በነገ ጠዋት ላክልኝ» አለኝ። ሥራውን አልወሰድኩም። ጽሑፉ ግን በማግሥቱ በሌላ ሰው ስም ወጣ። «ደራሲው በብቃት አሳይተውናል» ይላል። ምኑን እንዳሳዩን ግን አይናገርም።

የአሜሪካኖቹን ከእኛ የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ይህንንም ሳልናገር ባልፍ አድሏዊ እሆናለሁ። እነሱ ዘንድ «ድንኳኑን ማን አየው?» ብሎ የሚጠይቅ የሚያነብ ሰፈር ነበረ። ውሸቱ አንድ ቀን ያልሞላው ለዚህ ነው። አንባቢ በሌለበት ሰፈር ግን ያልተሠረገ ሠርግ ለዓመታት ይወራል። የተገዛ ዝና የሚፈራው ሕግን አይደለም፤ አንባቢን ነው። ሳናነብ ኮከብ መስጠት በለመድን ቁጥር የምንገድለው ያንን ብቸኛ ጠባቂ ነው።

7. እንግዲህ ምን ይደረግ?

ትልቅ ሐሳብ የለኝም። ሦስት ትናንሽ ልማዶች ግን አሉኝ።

አንደኛ፣ ስለ መጽሐፍ የሚያወራ ሰው ሲገጥማችሁ «የቱ ገጽ ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በቁጣ ሳይሆን በትሕትና። ያነበበ ሰው በጥያቄው ደስ ይለዋል፣ መጽሐፉን አምጥቶ ያሳያችኋል። ያላነበበው ሌላ ወሬ ያነሣል።

ሁለተኛ፣ ሰውየውንና ሥራውን ለዩ። ደራሲውን መቃወም ከፈለጋችሁ ደራሲውን ተቃወሙ። የመጽሐፉን ሚዛን ግን ላነበቡት ተዉላቸው። ክፉ ሰው ጥሩ መጽሐፍ ሊጽፍ ይችላል፤ የተከበሩ ሰው ደግሞ እንቅልፍ የሚያስወስድ መጽሐፍ ሊጽፉ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ ቁጥርን ተጠራጠሩ። አንደኛ ነው ሲባል ማን ቆጠረው? አንድ ኮከብ ነው ሲባል ማን አነበበው? 18,597 የሚለው ቁጥር ሐሰት አልነበረም፤ ኮፒዎቹ በእርግጥ ተገዝተዋል። 1.71 የሚለውም ሐሰት አልነበረም፤ ኮከቦቹ በእርግጥ ተሰጥተዋል። ሁለቱም ውስጥ የጠፋው አንባቢው ነው።

የአስማት ታሪክ የሚያነብ የ15 ዓመት ልጅ እነዚህን ሁሉ አያውቅም። መጽሐፍ ይፈልጋል፤ አጣርቶ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ለእሱ ከተገዛ አንደኝነትና ከተዘመተ አንድ ኮከብ ይልቅ «አነበብኩት፣ እስከ ግማሹ ወደድኩት፣ ከዚያ ሰለቸኝ» የሚል የአንድ ሰው እውነተኛ ቃል ይበልጥበታል። ያንን ቃል መስጠት ገንዘብ አይጠይቅም። ጥቂት ምሽት ብቻ ይጠይቃል።

አስተያየት መስጫው ከታች ክፍት ነው። መስደብ ይቻላል። ርዕሱን ብቻ አይታችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ግን መጀመሪያ ወደ ላይ ተመለሱና አንብቡት፤ ከዚያ ስትሰድቡኝ የትኛው አንቀጽ ላይ እንደሆነ ጥቀሱልኝ።

ቸር እንሰንብት።